የሥዕል ታሪክ መጽሔትና የፍርድ ሚዛን

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶቻችን። ፈራጅ የሆነ ሰው አስቀድሞ ነገሩን መስማት፣ ከሰማም በኋላ በነገሩ ልክ መፍረድ እንደሚገባው የሚያስተምር አባባል ነው። በመጻሕፍት ላይ የሚፈርዱ ሰዎች ግን ይህን ምክር ብዙ ጊዜ ሲዘነጉት እናያለን። በተለይም በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች፣ ኮሚክ የሚባሉት ማለት ነው፣ በፍርድ አደባባይ ሲቀርቡ ቃላቸውን የሚሰማላቸው አያገኙም። አንዱ ወገን ሳያነባቸው ይጥላቸዋል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ሳያነባቸው ያነግሣቸዋል።

ይህ ክርክር የሩቅ አገር ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢያችንን ጊዜ ባልወሰድን ነበር። ነገር ግን የሥዕል ታሪክ ዛሬ ወደ ቋንቋችን ገብቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር» የተባለ ኢትዮጵያዊ ባለታሪክ ያለበት ተከታታይ ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሟል። ወደፊትም ሌሎች መከተላቸው አይቀርም። አዲስ ተከታታይ መጽሔት የመጀመሪያ እትሙን ይዞ ብቅ ባለ ቁጥር መምህሩ፣ ባለሥልጣኑና ተማሪው «ይህን ነገር በምን እንመዝነው?» ብለው መጠየቃቸው የማይቀር ስለሆነ ሚዛኑን ከወዲሁ ማበጀት ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ለሚዛኑም መፈተኛ እንዲሆነን ሌሎቹ ሁሉ የሚለኩበትን አንድ የመጀመሪያ እትም እንውሰድ። እርሱም በአሜሪካ የታተመው «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ነው።

ይህ መጽሔት በሽፋኑ ላይ የጁን 1938 እ.ኤ.አ. ዕለት ይነበብበታል፤ ለሽያጭ የቀረበው ግን ቀደም ብሎ በኤፕሪል ነበር። አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር ሆና አርበኞቿ በየጫካው በሚዋጉበት ዘመን መሆኑ ነው። ገጹ 64፣ ዋጋው 10 ሳንቲም፣ የታተመውም ወደ 200,000 ቅጂ ያህል ነበር። በውስጡ የከብት ጠባቂ ጀብዱ፣ የአስማተኛ ታሪክ፣ የቦክሰኛ ታሪክ፣ ከዚህም ሌላ የማርኮ ፖሎ ጉዞ በሥዕል ቀርበዋል። ከሁሉም ፊት፣ በመጀመሪያዎቹ 13 ገጾች የተተረከው ግን እስከዚያ ጊዜ ማንም የማያውቀው «ሱፐርማን» የተባለ ባለታሪክ ነው። ደራሲው ጄሪ ሲገል፣ ሠዓሊው ጆ ሹስተር ይባላሉ። ሁለቱም በ1914 እ.ኤ.አ. የተወለዱ፣ በክሊቭላንድ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተዋወቁ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ።

ዛሬ ስለዚህ እትም የሚነገረው ወሬ ሁሉ የሚጀምረው ከገንዘብ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የዚህ መጽሔት አንድ ቅጂ በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይህን የሰማ ሰው «እንዲህ የተከበረ ነገር እንዴት ያለ ድንቅ ሥራ ይሆን!» ብሎ መደነቁ የተለመደ ነው። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ይህ ዋጋ ስለ ታሪኩ ጥሩነት ወይም መጥፎነት አንዲት ቃል አይናገርም። ዋጋው የወረቀቱ ብርቅነት ዋጋ ነው። ከ200,000 ቅጂዎች መካከል አብዛኞቹ ከልጆች እጅ ወደ ቆሻሻ መጣያና ወደ እሳት ስለ ሄዱ የቀሩት ጥቂቶች ተወደዱ። ይልቁንም የሚያስገርመው፣ እጅግ ውድ የሆኑት ቅጂዎች በባለሙያ ተመርምረው በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ የታሸጉ መሆናቸው ነው። እሽጉ ካልተሰበረ በቀር ገጹ አይገለጥም፤ እሽጉ ከተሰበረ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። እንግዲህ ይህን ያህል ሀብት የከፈለው ሰው የገዛው የማይነበብ መጽሔት ነው። የማይነበብን ነገር እንደ ሥነ ጽሑፍ ማመስገን ያልተቀመሰ ወጥ ጣፈጠኝ እንደ ማለት ነውና ይህን የገበያ ፍርድ ወደ ጎን እንተወው።

ወደ ገጾቹ እንግባ። የመጀመሪያው ገጽ ብቻውን አንድ ትልቅ ሥራ ይሠራል። በእርጅና ምክንያት የምትጠፋ አንዲት ሩቅ ዓለም፣ ሕፃን ልጁን በመንኮራኩር አድርጎ የሚልክ ሳይንቲስት፣ ሕፃኑን መንገድ ላይ አግኝቶ ለሙት ልጆች ማሳደጊያ የሚሰጥ መንገደኛ፣ ከዚያም የሕፃኑ ማደግና ኃይሉን ለተጨቆኑ ሰዎች ለማዋል መወሰኑ በአንዲት ገጽ ተጠቃለዋል። ደራሲው ይህ ኃይል ሊታመን እንደሚችል ለማስረዳት የሚጠቅሰው ምሳሌ አስማት አይደለም። ከክብደቷ በመቶ እጥፍ የሚበልጥ ሸክም የምትሸከመውን ጉንዳንና በሰው ልክ ቢሰላ ብዙ የከተማ ሰፈሮችን የሚሻገር ዝላይ የሚዘለውን ፌንጣ ያነሣል። ማንኛውም የገጠር ልጅ በዐይኑ የሚያየው ምሳሌ ነው። ባለታሪኩም በዚህ እትም ውስጥ እንደ ኋላው ዘመን አይበርም፤ ባለ 20 ፎቅ ሕንፃ ይዘላል፣ ከፈጣን ባቡር ቀድሞ ይሮጣል እንጂ። ኃይሉ ትልቅ ቢሆንም ወሰን አለው።

ሁለተኛው ምስጋና የሚገባው ለጠላቶቹ ምርጫ ነው። የዚህ ዓይነት መጽሔት የጀግናውን ተጋጣሚ ዘንዶ ወይም ጭራቅ ማድረግ ይቀለው ነበር። ሲገልና ሹስተር ግን በየሰፈሩ የሚገኙ ሰዎችን አመጡ። ሚስቱን የሚደበድብ ባል አለ፤ የግድያ ወንጀል ሳትሠራ በኤሌክትሪክ ወንበር ልትገደል ጥቂት ደቂቃ የቀራት ሴት አለች፤ አገሪቱን ወደ አውሮፓ ጦርነት የሚያስገባ ሕግ ለማሳለፍ ከሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ጋር በምሥጢር የሚመካከር ጉዳይ አስፈጻሚ አለ። አሥር ሳንቲም የከፈለ ልጅ በ13 ገጽ ውስጥ የቤት ውስጥ ግፍን፣ የፍርድ ስሕተትንና የባለሥልጣን መደለልን ተዋወቀ። «ይህ የሕፃን መጫወቻ ነው» የሚሉን ሰዎች ከእነዚህ ከሦስቱ ጉዳዮች መጫወቻ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ቢነግሩን ደስ ባለን ነበር።

ሦስተኛው፣ የባለታሪኩ ሁለት መልክ መሆን ነው። ያ ብርቱ ሰው ሲሠራ የሚውለው «ዴይሊ ስታር» በተባለ ጋዜጣ ውስጥ በጋዜጠኝነት ነው፤ ስሙም ክላርክ ኬንት ይባላል። በሰው ፊት ፈሪ መስሎ ይታያል። በጭፈራ ቤት አንድ ጉልበተኛ አብራው ያለችውን ሎይስ ሌን በግድ ሊያስጨፍራት ሲነሣ ኬንት ይሽቆጠቆጣል፤ ጉልበተኛውን በጥፊ የምትመታው ራሷ ሎይስ ናት። በ1938 እ.ኤ.አ. በታተመ የልጆች መጽሔት ውስጥ ከወንዱ ይልቅ ሴቲቱ የምትደፍርበት ትዕይንት መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። እውነት ነው፣ ጥቂት ገጽ ሳይቆይ ተጠልፋ በጀግናው እጅ መዳኗ ድፍረቷን መልሶ ይቀንሰዋል። ቢሆንም የመጀመሪያው ዘር ተዘርቷል።

ስለዚህ እትሙ እንከን የለውም ማለታችን ነውን? አይደለም። ሥዕሉ የተቻኮለ ነው፤ ብዙዎቹ ፊቶች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፣ ከሰዎቹ በስተጀርባ ያለው ስፍራ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ባለታሪኩ እጅና እግሯ የታሠረች ሴት ተሸክሞ በሌሊት ሲከንፍ ሲሆን ሴቲቱ ማን እንደሆነች፣ ከየት እንዳመጣት አንባቢው በወጉ ሳይነገረው ይጓዛል። ምክንያቱም የታወቀ ነው፦ ገጾቹ መጀመሪያ የተዘጋጁት ለዕለታዊ ጋዜጣ ነበር፤ በመጽሔት ልክ ተቆራርጠው ሲለጠፉ መግቢያው ቀረ። የቀረውም ክፍል የታተመው በሚከተለው ዓመት፣ በ1939 እ.ኤ.አ. ሱፐርማን የራሱን መጽሔት ሲያገኝ ነው። የጉዳይ አስፈጻሚውም ነገር እልባት ሳያገኝ ለሚቀጥለው እትም ይተላለፋል። የመጀመሪያ እትም ለሁለተኛው ጉጉት ቢተው አንነቅፈውም፤ መግቢያ ቆርጦ መጣል ግን አንባቢን መናቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የፍትሕ ጉዳይ ነው። በዚህም ነጥብ ላይ ሁለቱን ትዕይንቶች ለይተን መመርመር አለብን። በመጀመሪያው ትዕይንት ባለታሪኩ በእኩለ ሌሊት የአገረ ገዥውን በር ሰብሮ ይገባል፤ የመኝታ ቤቱንም የብረት በር ይነቅላል። ይሁን እንጂ ይዞ የመጣው ማስረጃ ነው፤ ፍርዱን ራሱ አይሰጥም። ስልኩን አንሥቶ ቅጣቱን የሚያስቆመው አገረ ገዥው ነው። እዚህ ላይ ደራሲዎቹ የሚነቅፉት ሕግን ሳይሆን የሕግን በር ነው። ንጹሕ ሰው ከሹሙ ዘንድ ለመድረስ የብረት በር የሚነቅል ክንድ የሚያስፈልገው ከሆነ በሩን ማን እንዲህ አጠበቀው? ይህን ጥያቄ ከባለሥልጣን ወገን የሆነ አንባቢ ሁሉ ለራሱ ቢያቀርበው ይጠቅመዋል እንላለን።

በሁለተኛው ትዕይንት ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለታሪኩ ጉዳይ አስፈጻሚውን በጉልበት ነጥቆ በስልክ ሽቦዎች ላይ እየሮጠ፣ በከፍታ እያስፈራራ ምሥጢሩን ሊያናግረው ይሞክራል። ልጆች በዚህ ይስቃሉ፤ እኛ ግን ልንስቅ አይገባንም። በማስፈራራት የወጣ ቃል ኑዛዜ አይባልም። ተጠርጣሪው ክፉ መሆኑን አንባቢው አስቀድሞ ስለሚያውቅ ግፉ ፍትሕ መስሎ ይታየዋል፤ በእውነተኛው ዓለም ግን ማንም አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ዳኛና ምስክር፣ መዝገብና ይግባኝ የተሠሩትም ስለዚህ ነው። ለልጅ የሚጽፍ ደራሲ ይህን ልዩነት መጠበቅ ግዴታው ነው፤ በእነዚህ ገጾች ውስጥ ግዴታው አልተጠበቀም። መጽሔቱን ስናመሰግን ይህን ብንሸፍን ምስጋናችን ሐሰት ይሆናል።

አሁን ወደ ጠላቶቹ እንመለስ። እነርሱ እንከኑን እንዲህ ገጽ በገጽ እያነሡ ቢነቅፉ ኖሮ ወንድሞቻችን ነን ባልናቸው ነበር። ታሪክ የመዘገበው ግን ሌላ ነው። በሜይ 1940 እ.ኤ.አ. ስተርሊንግ ኖርዝ የተባለ የቺካጎ ጋዜጣ የሥነ ጽሑፍ አዘጋጅ ኮሚኮችን ሁሉ በአንድነት አውግዞ የብሔር ውርደት ብሎ ሰየማቸው። በ1954 እ.ኤ.አ. ፍሬድሪክ ወርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም መጽሔቶቹ ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራሉ የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ፤ አሳታሚዎቹም ፈርተው ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ደንብ አቋቋሙ። ወርታም የተናገረው ሁሉ ከንቱ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ለልጅ ዐይን የማይገቡ የሽብር መጽሔቶች በእርግጥ ይሸጡ ነበር። ነገር ግን በ2012 እ.ኤ.አ. ካሮል ቲሊ የተባሉ ተመራማሪ የሐኪሙን የግል መዛግብት አገላብጠው ወርታም የልጆቹን ቃል እየቀየረና እያጋነነ እንደ ጻፈ አሳዩ። ደንቡም የመጨረሻ ተከታዮቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ ተዉት ሞቶ ነበር። ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ የቆየ ቁጥጥር አንዱ መሠረቱ በሚገባ ያልተሰማ ቃል ነበረ ማለት ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ አይደለምን?

የሕፃናት ጠባይ የሚያሳስባቸውን ሰዎች አንንቅም፤ እኛም ያሳስበናል። ነገር ግን ልጁ የሚያነበውን መጽሔት ሳያነብ የሚከለክል መምህር ለልጁ የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሳያነቡ መፍረድ እንደሚቻል ነው። ይህ ትምህርት ከማናቸውም ኮሚክ የከፋ ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ገጾቹ ነው። የዚህ እትም ትልቁ ኃጢአት ግን ከገጾቹ ውጭ፣ በውሉ ወረቀት ላይ ይገኛል። በማርች 1938 እ.ኤ.አ. ሲገልና ሹስተር ለ13 ገጽ በየገጹ 10 ዶላር፣ በድምሩ 130 ዶላር ተቀብለው የሱፐርማንን መብት በሙሉ ለአሳታሚው አስተላለፉ። ሥራቸውን ይዘው ለዓመታት በየጋዜጣው ደጅ የጠኑና የተመለሱ ወጣቶች ነበሩና ፈረሙ። አሳታሚው ከዚያ ወዲያ ከመጽሔት፣ ከራዲዮ፣ ከሲኒማና ከመጫወቻ የሰበሰበው ሀብት ስፍር ቁጥር የለውም። በ1947 እ.ኤ.አ. ደራሲዎቹ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ክርክሩ በስምምነት ሲያበቃ ጥቂት ገንዘብ ተቀብለው ባለታሪካቸውን አጡ፤ ስማቸውም ከመጽሔቱ ተፋቀ። ሹስተር የዐይኑ ብርሃን ደክሞ በችግር ኖረ፤ ሲገል በጽሕፈት ቤት በዝቅተኛ ሥራ ተቀጠረ። የሕዝብ ወቀሳ ከበዛ በኋላ በ1975 እ.ኤ.አ. የመጽሔቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ሊከፍልና ስማቸውን ሊመልስ ተስማማ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ያህል መቆየቱን ልብ ይሏል። ለተጨቆኑ የሚሟገት ጀግና የፈጠሩት ሁለት ሰዎች የሚሟገትላቸው አጡ።

ውሉ በሕግ ፊት የጸና ነበር፤ ማንም አስገድዶ አላስፈረማቸውም የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል። የተራበ ሰው ሲፈርም እጁን የሚይዘው ሌላ ሰው አያስፈልግም፤ ረሃቡ ይበቃዋል። አንድ ሥራ ከታሰበው በላይ ባፈራ ጊዜ ፈጣሪውም ከፍሬው እንዲካፈል የማያደርግ ውል ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ርቱዕ ግን አይሆንም።

ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በአገራችንም የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጓል፤ በኋላም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል። ሕጉ ስላለ ግን ወጣቱ ሠዓሊና ደራሲ ያውቀዋል ማለት አይደለም። ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት መብቱን፣ ውል ከመፈረሙ በፊት የሚፈርመውን እንዲያውቅ ማስተማር የትምህርት ቤትም የመሥሪያ ቤትም ድርሻ ነው።

በሥዕል መተረክ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚሉንንም ሳንመልስላቸው አናልፍም። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን ያደረገችውን ጉዞ በተከታታይ ክፈፎች፣ ብዙ ጊዜም በ44 ክፍል ከፋፍለው፣ ከየሥዕሉ ጋር ጽሑፍ አድርገው የሣሉት ሠዓሊዎቻችን ምን ሲሠሩ ኖሯል? በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የቅዱሳንን ገድል ደረጃ በደረጃ የሚያሳየው ሥዕል ማንበብ ለማይችለው ምእመን መጽሐፍ ሆኖ አላገለገለምን? ወረቀቱና ማተሚያው አዲስ ነው፤ ታሪክን በሥዕል ማስከተሉ ግን በእኛ ዘንድ የቆየ ጥበብ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚወጣ የሥዕል ታሪክ ከአሜሪካኑ ልብስና ጡንቻ ከመዋስ በፊት ከነዚህ ክፈፎች ብዙ ሊማር ይችላል።

እንግዲህ ሚዛኑ ይህ ነው። የአንድ ተከታታይ መጽሔት የመጀመሪያ እትም በእጃችን ሲገባ ዋጋውንና ዝናውን ሳንጠይቅ እናንብበው። ባለታሪኩ ማን እንደሆነና ኃይሉ ወሰን እንዳለው ይነግረናልን? የሚታገለው ክፋት አንባቢው በሚኖርበት አገር የሚታወቅ ክፋት ነውን? ድሉ የሚገኘው በእውነት ነው ወይስ በጡንቻ ብቻ? ቋንቋው ልጁ በቤቱ የሚሰማው ጥሩ አማርኛ ነው ወይስ ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ? የሠራውስ ሰው ስሙና ድርሻው ተጠብቆለታልን? «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በዚህ ሚዛን ሲመዘን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ያልፋል፣ በሦስተኛው ያነክሳል፣ በመጨረሻው ይወድቃል። መውደቁም የደራሲዎቹ ሳይሆን የአሳታሚው ነው።

መምህራን ሆይ፣ ከተማሪ እጅ የነጠቃችሁትን መጽሔት መሳቢያ ውስጥ ከመቆለፋችሁ በፊት አንብቡት፤ ጥሩ ከሆነ ለክፍሉ ሁሉ አንብቡለት፣ መጥፎ ከሆነም ለምን መጥፎ እንደሆነ ገጹን ገልጣችሁ አሳዩት። የመንግሥት ሹማምንት ሆይ፣ ለሚጽፉና ለሚሥሉ ወጣቶች በራችሁ የብረት በር አይሁን። ተማሪዎችም ሆይ፣ በ23 ዓመታቸው ዓለም የሚያውቀውን ባለታሪክ ለንባብ ያበቁት ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞች እንደነበሩ አትርሱ፤ የፈረሙትንም ወረቀት አትርሱ። እርሳሳችሁን ስትቀርጹ የመጀመሪያውን አስቡ፤ ውል ስትቀበሉ ሁለተኛውን።